አንጀትን ማን አጣጠፈው?

እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካው ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች አንድ የጎማ ቱቦና አንድ ስስ የላቴክስ ጎማ ይዘው የፅንስ ጥናት አደረጉ። (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሱን ጎማ ለጠጡት፤ ቱቦውን በተለጠጠው ጎማ ጠርዝ ላይ ሰፉት፤ ከዚያ ለቀቁት። ጎማው ወደ ቀድሞ መጠኑ ሲሰበሰብ ቱቦው አብሮት ማጠር አልቻለምና እየተጠማዘዘ በተመጣጠነ ርቀት ቀለበት ሠራ። የወጣው ቅርጽ ቁርጥ የዶሮ ፅንስ አንጀት ነበር።

ሥራው በሁለት ሰዎች የሚመራ ነበር። ክሊፍ ታቢን ዘረመል በፅንስ እድገት ላይ ያለውን ሚና ሲያጠና የኖረ ሳይንቲስት ነው። ማሃዴቫን ደግሞ ጨርቅ እንዴት እንደሚጨማደድ፣ ቅጠል ጠርዙ ለምን እንደሚሞገድ የሚያሰላ የሒሳብና የፊዚክስ ሰው ነው። ጥያቄያቸው የሕፃን ጥያቄ ይመስላል። ያ ሁሉ ሜትር አንጀት ሆድ ውስጥ ሲታጠፍ ለምን አይወሳሰብም? የአንድ ዝርያ እንስሳት ሁሉ አንጀታቸው ለምን በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ ቁጥር ይጠቀለላል?

በፅንስ ውስጥ አንጀት ሲጀምር ቀጥ ያለ ቱቦ ነው። ከጀርባ ግድግዳ ጋር የሚያያይዘው አንድ ስስ ሽፋን አለ። በግ ሲበለት ቆሞ ያየ ሰው ይህን ሽፋን ያውቀዋል፤ ቢላዋው ሽፋኑን እየተከተለ አንጀቱን ሲያላቅቅ ያ ሁሉ ጥቅልል ይፈታና አንድ ረጅም ቱቦ ይሆናል። ተመራማሪዎቹም በዶሮ ፅንስ ላይ ያደረጉት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሽፋኑን በጥንቃቄ ከአንጀቱ ሲለዩት አንጀቱ ቀጥ አለ፤ ሽፋኑ ግን ተኮማተረ። ተያይዘው በነበሩበት ጊዜ አንዱ ሌላውን እየሳበ ነበር ማለት ነው። አንጀቱ ከሽፋኑ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሽፋኑ በግድ ይለጠጣል፤ የተለጠጠው ሽፋን አንጀቱን መልሶ ይስበዋል፤ አንጀቱም መሄጃ ሲያጣ ይታጠፋል።

ቡድኑ በዚህ አልቆመም። የሁለቱን ውፍረት፣ ግትርነትና የእድገት ልዩነት ለካና የቀለበቶቹን ቁጥርና ስፋት ከሒሳቡ ብቻ ተነሥቶ ተነበየ። ስሌቱን በዶሮ፣ በድርጭት፣ በዜብራ ፊንች ወፍና በአይጥ ላይ ሞከረው፤ በአራቱም ሠራ።

ይህ ነገር ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ከያዝነው ሐሳብ ጋር አይስማማም። ዲኤንኤ የአካል ፕላን ነው ተብለን አድገናል። በዶሮ ዲኤንኤ ውስጥ ግን የሦስተኛውን ቀለበት ቦታ የሚያሳይ መስመር የለም። ይህ ማለት ዘረመል ሥራ ፈት ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የዚያው ቡድን አባላት በ2017 ባወጡት ሌላ ጥናት ቢ.ኤም.ፒ. የተባለ የህዋሳት መልእክት የሽፋኑን እድገት ሲያዘገየው ጉተታው እንደሚጠነክርና ቀለበቶቹ እንደሚበዙ አሳይተዋል። ዘረመሉ የሚወስነው ማን ምን ያህል ፈጥኖ እንዲያድግ፣ ማን እንዲጠነክር ነው። ቅርጹ ከጉተታው ይወጣል። በእኔ አስተያየት ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት በፅንስ ሳይንስ ውስጥ ከታዩት ለውጦች ሁሉ ትልቁ ይህ አመለካከት መመለሱ ነው።

መመለሱ ያልኩት አዲስ ስላልሆነ ነው። ዊልሄልም ሂስ የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ተወላጅ የአናቶሚ ሊቅ በ1874 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የፅንስ እጥፋቶች ያልተመጣጠነ እድገት ከሚፈጥረው ጫና እንደሚመጡ ተከራክሯል፤ ለማስረዳትም የጎማ ቱቦ እያጠፈ ያሳይ ነበር። በዘመኑ ዝነኛ የነበረው ኤርንስት ሄክል ክፉኛ ተሳለቀበት። ለሄክል የፅንስ ቅርጽ ማብራሪያው የዝርያው ጥንታዊ ታሪክ ነበር፤ ጎማና ጉተታ ተራ ነገር ሆኑበት። ስኮትላንዳዊው ዳርሲ ቶምፕሰን በ1917 ስለ እድገትና ቅርጽ በጻፈው ግዙፍ መጽሐፍ ነገሩን እንደገና አነሣው። ከዚያ የዲኤንኤ ዘመን መጣና የሁሉም ዓይን ወደ ዘረመል ዞረ። የሂስ የጎማ ቱቦ ወደ ቤተ ሙከራ የተመለሰው ከ130 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ለመሆኑ አንድ ህዋስ በምን ይስባል? ከቆዳው ሥር አክቲን ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ የክር መረብ አለው። በክሮቹ መካከል ማዮሲን የሚባሉ ሞተሮች ተሰክተው ክሮቹን እርስ በእርስ ያንሸራትታሉ። እነዚሁ ሁለት ፕሮቲኖች ናቸው ጡንቻችንን የሚያሳጥሩት። የአንድ ማዮሲን ጉልበት ጥቂት ፒኮኒውተን ብቻ ነው፤ አንድ ፒኮኒውተን የአንድ ኒውተን ትሪሊዮንኛ ክፍል ነው። ሞተሮቹ ግን ብዙ ናቸው፤ በአንድነት ሲስቡ የህዋሱ ወለል ይወጠራል። ጎረቤት ህዋሳት ደግሞ ካድሄሪን በተባሉ ሞለኪውሎች ይያያዛሉ። እነዚህን ያገኘው ጃፓናዊው ማሳቶሺ ታኬይቺ ነው፤ ያለ ካልሲየም እንደማይሠሩም አሳይቷል። ካድሄሪን ከውጭ የጎረቤቱን ካድሄሪን ይይዛል፣ ከውስጥ ከአክቲኑ መረብ ጋር ይታሰራል። ስለዚህ አንድ ህዋስ ሲኮማተር ጉተታው ወደ ጎረቤቱ ያልፋል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው።

በዚህ ብቻ ምን ያህል ርቀት እንደሚኬድ ያሳየው ሙከራ በ1955 የታተመ ነው። ዮሐነስ ሆልትፍሬተር ከናዚ ጀርመን ወጥቶ በኋላ በአሜሪካ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የሠራ የፅንስ ሊቅ ነበር። ከባልደረባው ከታውንስ ጋር ሆኖ የእንቁራሪት መሰል እንስሳትን ፅንስ ወደ ነጠላ ህዋሳት በታተነው፤ ቆዳ ሊሆኑ የታሰቡትንና ነርቭ ሊሆኑ የታሰቡትን ቀላቀላቸው። ህዋሳቱ ተያይዘው አንድ ክምር ሆኑ፤ ከዚያ ማንም ሳይነካቸው እየተላለፉ ተለያዩ። የቆዳዎቹ ከውጭ፣ የነርቮቹ ከውስጥ ሆነው ተቀመጡ፤ ልክ በእንስሳው አካል እንደሚሆኑት።

ማልኮም ስታይንበርግ በ1960ዎቹ ለዚህ ያቀረበው ማብራሪያ ከፊዚክስ የተቀዳ ነው። የፅንስ ህብረ ህዋስ እንደ ፈሳሽ ይሠራል፤ የወለል ውጥረቱ አነስተኛ የሆነው ፈሳሽ ውጥረቱ ከፍ ያለውን ይከብበዋል። በ1996 እሱና ባልደረቦቹ የዶሮ ፅንስ ህብረ ህዋሳትን የወለል ውጥረት እየለኩ ከደረደሩ በኋላ ማን ማንን እንደሚከብብ ሲያዩ ቅደም ተከተሉ ገጠመ። ስታይንበርግ የውጥረቱ ምንጭ ህዋሳት እርስ በእርስ የሚጣበቁበት ጥንካሬ ነው ብሎ ነበር። እዚህ ላይ ግን ሙሉ በሙሉ ትክክል አልነበረም። በኦስትሪያ የካርል ፊሊፕ ሃይዘንበርግ ቡድን በ2012 ጥንድ ጥንድ የዜብራፊሽ ዓሣ ህዋሳትን በቀጫጭን የመስታወት ቱቦ እየሳበ ሲለያይ፣ ዋናው ኃይል የህዋሱ የራሱ መኮማተር እንደሆነ አገኘ። ካድሄሪን የሚያገለግለው በይበልጥ የአንዱን ውጥረት ለሌላው ለማስተላለፍ ነው።

በዚያ ጥናት ፊት መሪ የነበረው ዣን ሊዮን ሜትር በኋላ በፓሪሱ ኩሪ ኢንስቲትዩት የራሱን ቡድን አቋቁሞ ተመሳሳዩን ዘዴ በሰው ፅንስ ላይ አዋለ። ለምርምር በተለገሱ ፅንሶች ላይ የተሠራው ይህ ሥራ በ2024 ታተመ። የሰው ፅንስ በአራተኛው ቀን አካባቢ፣ እስከዚያ ክብ ክብ ሆነው የነበሩት ህዋሳቱ ተጠጋግተው ይጣበቃሉ፤ መላው ፅንስ ለስላሳ ኳስ ይሆናል። መጠጋጋቱ የፅንሱ የመጀመሪያ ቅርጽ የመያዝ ሥራ ነው። ቡድኑ የህዋሳቱን ወለል እየለካ ሲከታተል፣ ወደ ውጭ ያለው ፊት ውጥረት በአራት እጥፍ ገደማ ሲጨምር ህዋሳቱ የሚነካኩበት ፊት ግን ባለበት ቆየ። ህዋሳቱን የሚያቀራርባቸው ከውጭ ያለው ውጥረት ነው፤ የመኮማተሩ ኃይል ሲታገድ መጠጋጋቱ አይሆንም።

የህዋሳት ጉተታ ቅርጽ ሲሠራ ከሁሉም እንስሳት በላይ በጥልቀት የታየው በፍራፍሬ ዝንብ ነው። የዝንቧ ፅንስ ርዝመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ከተፀነሰ ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሆነው ስድስት ሺህ ያህል ህዋሳት በአንድ ንብርብር ተደርድረው ወለሉን ይሸፍናሉ። በሆድ በኩል ያሉት አንድ ሺህ ገደማ ህዋሳት በድንገት ወደ ውስጥ መስመጥ ይጀምራሉ፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ረጅም ቦይ ሠርተው ይጠፋሉ፤ ኋላም ጡንቻ ይሆናሉ። እያንዳንዱ ህዋስ የውጭ ፊቱን እንደ ከረጢት አፍ በማሰሪያ ጎትቶ ያጠበዋል። የውጭ ፊቱ ሲጠብ፣ ውስጡ ያለው ነገር መጠኑ አይቀንስምና ህዋሱ ከሥር ይሰፋል፤ ሽብልቅ ይሆናል። አንድ ሺህ ሽብልቅ ጎን ለጎን ሲቆም ንጣፉ ቀጥ ብሎ ሊቆይ አይችልም።

የዚህ ቦይ ታሪክ ከኤሪክ ዊሻውስ ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው። ዊሻውስና ክሪስቲያነ ኑስላይን ፎልሃርድ በ1970ዎቹ መጨረሻ በጀርመን ሃይደልበርግ የዝንብን ፅንስ የሚያበላሹ የዘረመል ለውጦችን አንድ በአንድ አሰሱ፤ በ1995ም ከኤድዋርድ ሉዊስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከዘረመል ዘመን አርበኞች አንዱ ነው እንግዲህ። ያው ሰው በ2009 ከአዳም ማርቲንና ከሌላ ባልደረባው ጋር ሆኖ የእነዚህን ህዋሳት መኮማተር በማይክሮስኮፕ በቀጥታ ቀረጸ። ህዋሳቱ ያለማቋረጥ አይስቡም፤ ይስባሉ፣ ያርፋሉ፣ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ቆይተው ደግመው ይስባሉ፤ በእያንዳንዱ ጉተታ መካከልም ያገኙትን ጥበት አይለቁም። ስኔይል የተባለው ዘረመል ከሌለ ጉተታው ጭራሽ አይጀምርም። ትዊስት የተባለው ከሌለ ደግሞ ይስባሉ፣ ግን መልሰው ይለቃሉ፤ ቦዩም በወጉ አይወጣም። የሁለቱን ዘረመሎች የሥራ ክፍፍል ይህን ያህል ጥርት አድርጎ ያወጣው የጉተታ ልኬት እንጂ የዘረመል ዝርዝር አይደለም።

እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ውስጥ ኃይል እንዴት ይለካል? አንዱ መንገድ ቀላል ነው፤ በሁለት ህዋሳት መካከል ያለውን ድንበር በሌዘር መቁረጥ። የተወጠረ ከነበረ ጫፎቹ ተፈናጥረው ይራራቃሉ፤ የፍጥነታቸው መጠን የውጥረቱን መጠን ይነግራል። ሌላውን ኦትገር ካምፓስ በ2014 አስተዋወቀ። የህዋስ መጠን ያላት የዘይት ጠብታ በህዋሳት መካከል ትረጫለች፤ ጠብታዋ ስትጨመቅ ከክብነቷ ምን ያህል እንደወጣች አይቶ የጨመቃትን ኃይል ማስላት ይቻላል። በዚህ ዘዴ የካምፓስ ቡድን በ2018 አንድ ያልተጠበቀ ነገር አገኘ። የዜብራፊሽ ፅንስ ወደ ጅራቱ ሲረዝም በጫፉ ያሉት ህዋሳት እንደ ፈሳሽ ይንቀሳቀሳሉ፤ ከጫፉ ራቅ ሲሉ ደግሞ ተጨናንቀው ይረጋሉ። አካሉ ከኋላ ፈሳሽ፣ ከፊት ጠጣር ሆኖ ይረዝማል። አዲስ ቁሳቁስ አልተጨመረም፤ የተቀየረው ህዋሳቱ ለመተላለፍ ያላቸው ክፍተት ብቻ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ዘረመል ኃይልን ሲያዝ ነው። ኃይልም ዘረመልን ያዛል። በ2003 ኢማኑኤል ፋርዥ በፓሪስ የዝንብ ፅንስን በቀስታ ሲጫን፣ በተለምዶ በሆድ በኩል ብቻ የሚሠራው ትዊስት በሌላው የፅንሱ ክፍል ሁሉ ተቀሰቀሰ። አንድ ጣት የማያህል ግፊት ዘረመል አበራ ማለት ነው። ህዋስ ጉተታን እንዴት ይሰማል ለሚለው አንዱ መልስ ካድሄሪንን ከአክቲን ጋር ከሚያገናኙት ፕሮቲኖች መካከል ያለው አልፋ ካቴኒን ነው። በ5 ፒኮኒውተን ገደማ ሲሳብ እጥፋቱ ይፈታና ተደብቆ የነበረ መያዣ ይገለጣል፤ ሌላ ፕሮቲን እዚያ ላይ ተይዞ ማያያዣውን ያጠነክራል። የተሳበ ማያያዣ ይጠነክራል፤ ያልተሳበ ይላላል።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የሚያስገርመኝ በለንደን የሮቤርቶ ማዮር ቡድን በ2018 ያሳተመው ነው። በአፍሪካዊቷ ጥፍራም እንቁራሪት ፅንስ ውስጥ፣ ኋላ የፊት አጥንትና ሌላም ሌላም የሚሆኑ ህዋሳት አሉ፤ ከጀርባ ተነሥተው ረጅም መንገድ ይጓዛሉ። የመነሻ ሰዓታቸውን ማን ይነግራቸዋል? ብዙ ሰው የኬሚካል መልእክት ይጠብቅ ነበር። የተገኘው ግን ከሥራቸው ያለው ህብረ ህዋስ ግትር መሆን ነው። ያ ህብረ ህዋስ ህዋሳት እየተጠጋጉበት ሲሄድ ይጠነክራል፤ በበቂ ሁኔታ ሲጠነክር ተጓዦቹ መንገድ ይጀምራሉ። ተመራማሪዎቹ ሥሩን ሲያለሰልሱት ጉዞው ቆመ፤ ቀድመው ሲያጠነክሩት ህዋሳቱ ያለጊዜያቸው ተነሡ።

ጉተታው ሲሳሳት ምን እንደሚሆን በግልጽ የሚታየው በነርቭ ቱቦ ላይ ነው። አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚጀምሩት በፅንሱ ጀርባ ላይ እንደተነጠፈ የህዋሳት ንጣፍ ሆነው ነው። የንጣፉ ጠርዞች ከግራና ከቀኝ ይነሣሉ፤ ተገናኝተው ይገጥማሉ፤ ቱቦ ይሆናል። በሰው ይህ የሚጠናቀቀው ከተፀነሰ እስከ 28ኛው ቀን ነው። ለመግጠም ቢያንስ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። ንጣፉ መጥበብና መርዘም አለበት፤ ህዋሳቱ አንዱ በሌላው መካከል እየገቡ ነው ይህን የሚያደርጉት። ቫንግል 2 የተባለው ዘረመል የተበላሸበት አይጥ ይህን አይችልም፤ ንጣፉ ሰፊ ሆኖ ይቀራል፣ ጠርዞቹ ተራርቀው ቱቦው ከኋለኛው አንጎል እስከ ታች ክፍት ይሆናል። ሁለተኛው ንጣፉ በሚታጠፍበት ቦታ ያሉት ህዋሳት፣ እንደ ዝንቧ ሁሉ፣ አንድ ፊታቸውን ማጥበባቸው ነው። ሽሩም 3 የተባለው ዘረመል ማዮሲኑን ወደዚያ ፊት ያሰባስባል፤ እሱ በሌለው አይጥ የንጣፉ ጠርዞች ወደ ውስጥ በመታጠፍ ፈንታ ወደ ውጭ ይገለበጣሉ፤ የራስ ቅሉም አይዘጋም።

በሰው ላይ ቱቦው ከታች ሳይዘጋ ሲቀር ስፓይና ቢፊዳ የሚባለው ችግር ይመጣል፤ ከላይ ሳይዘጋ ሲቀር ደግሞ ሕፃኑ በሕይወት አይቆይም። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ችግሩ በአገራችን በብዛት እንደሚታይ ያሳያሉ። ከሚታወቁት መከላከያዎች ውስጥ ዋናው ፎሊክ አሲድ ነው፤ ህዋሳት ዲኤንኤ ለመሥራትና ለመባዛት የሚያስፈልጋቸው ቫይታሚን ነው። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ በወለዱ እናቶች ላይ በሰባት አገሮች የተደረገና በ1991 ውጤቱ የታወቀ ሙከራ፣ ችግሩ እንደገና የመከሰት ዕድሉ በ72 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

ችግሩ ጊዜው ነው። በ28ኛው ቀን ብዙ ሴቶች መፀነሳቸውን ገና አላወቁም፤ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል የሚሰጥ ክኒን ለእናቲቱ ደም ይጠቅማል እንጂ ለዚህ ቱቦ ዘግይቷል። ቫይታሚኑ ከመፀነስ በፊት ሰውነት ውስጥ መገኘት ስላለበት ነው ብዙ አገሮች በዱቄት ውስጥ የሚጨምሩት። ኢትዮጵያም በ2022 የስንዴ ዱቄት እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ አውጥታለች። ይህ በከተማ ዳቦ ለሚበላው ይደርሳል። ጤፉን በሰፈር ወፍጮ አስፈጭቶ እንጀራ ለሚጋግር ቤተሰብ ግን የፋብሪካ ዱቄት ብዙም አይደርሰውም፤ ፎሊክ አሲድን አዮዲን በሚጨመርበት ጨው ውስጥ አብሮ የማስገባት ሐሳብ የተነሣውም ለዚህ ነው።